ያምሮት የረታችበት ክርክር

ሌላ ሰው ሲጨበጨብለት እጃችሁ ለማጨብጨብ ከብዶ አያውቅም? አያውቅም የምትሉ ካላችሁ ይህ ታሪክ እናንተን አይመለከትም፤ ዝጉትና ሂዱ። የያምሮት እጅ ግን ከከበደ ሰንብቷል።

አሁንም የሳይንስ ክበቡ በር ላይ ቆማ ታያለች። ልጆቹ ቤቴልን ከበዋታል። ቤቴል በያዘችው ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ዓሣ ረጃጅም ክንፎቹን እንደ ሐር ሻሽ እየዘረጋ ይዞራል። ቤታ የሚባል ዝርያ ነው። ቤቴል እናቷ ለሥራ ወደ ፍኖተ ሰላም ስለተዛወሩ ከባሕር ዳር የመጣች ልጅ ናት፤ ዓሣውንም በሚኒባስ ጭኗ ላይ አቅፋ ነው ያመጣችው።

«ኧረ ይሄ ዓሣ ነው ሙሽራ?» አለ ናሁሰናይ፣ የክፍሉ ቀልደኛ።

«ልዑል ነው ስሙ» አለች ቤቴል ፈገግ ብላ።

ጥግ ላይ ባለው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ወርቅማዎቹ ዓሦች አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። አምና ክበቡ ሲገዛቸው ጀምሮ የምትንከባከባቸው ያምሮት ናት። የቧንቧ ውኃ በባልዲ ቀድታ፣ የክሎሪን መድኃኒቱ እንዲወጣለት አሳድራ ትቀይርላቸዋለች። ቅዳሜ ማንኩሳ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳ ስንቋን ስታመጣ እንኳ ቀድማ የምትመለሰው ለእነሱ ብላ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ልጆቹ የሚከቡት የእሷን ገንዳ ነበር። ይቺ ደግሞ በአንድ ጠርሙስ መጥታ ሁሉንም ጠራርጋ ወሰደችው።

መታሰቢያን ጨምሮ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከያምሮት ጎን ተለይታ የማታውቀው መታሰቢያ አሁን የቤቴልን ደብተር ይዛላት ቆማለች።

«ያምሩ፣ ነይ እዪው እንጂ! የአንቺዎቹ እኮ ከዚህ ጎን ሲታዩ የተላጠ ካሮት ነው የሚመስሉት!»

«ካሮት ለዓይን ጥሩ ነው» አለች ያምሮት።

ሳቁላት። እሷ አልሳቀችም።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ የክበቡ ኃላፊ መምህር ሀይሉ አንድ ሐሳብ አመጡ። ቤታው ከወርቅማዎቹ ጋር በትልቁ ገንዳ ይግባና ገንዳው አዳራሹ መግቢያ ላይ ይቀመጥ።

ቤቴል እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አብረው አይኖሩም። ይጎዳል።»

«እንዲህ ናት? እንግዲያው በተጠየቅ ይለይ!» አሉ መምህሩ እጃቸውን እያፋተጉ።

ተጠየቅ የትምህርት ቤቱ ልማድ ነው። የጥንት ሰዎች ዛፍ ሥር ዳኛ ፊት ይሟገቱ እንደነበረው ሁለት ተማሪዎች መሀል ይቆማሉ። አንዱ «ተጠየቅ!» ሲል ሌላው «ልጠየቅ!» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ማፈግፈግ የለም። የበለጠ የተጨበጨበለት ይረታል። አንደበት ይስላል፤ ለዚያስ መልካም ነው። ግን ዓሣ በጭብጨባ ይኖራል? ይህን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። መምህሩም ቢሆኑ።

«ቤቴልን የሚሞግት?»

የያምሮት እጅ ከራሷ ከያምሮት ቀድሞ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ በተከራየችው ክፍል ቁጭ ብላ ስልኳ ላይ ፈለገች። መልሱ ግልጽ ነበር። ቤታ ሞቅ ያለ ውኃ ይፈልጋል፤ ወርቅማ ዓሣ ቀዝቀዝ ያለ። ወርቅማ ዓሣ ያገኘውን ሁሉ ይቀምሳል፤ የሚንጠለጠል ክንፍ ካየ አይምርም። አብረው አይቀመጡም። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስልኩን አጥፍታ ምሳሌያዊ አነጋገር መሰብሰብ ጀመረች።

በክርክሩ ዕለት ቤቴል ስለ ውኃ ሙቀት ተናገረች፤ ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ከኋላ ያሉት አልሰሟትም። ያምሮት ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች።

«ተጠየቂ!»

«ልጠየቅ።»

«አንቺ ከባሕር ዳር መጥተሽ ከእኛ ጋር የምትማሪው ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ጠርሙስ ውስጥ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

«ክፍል ውስጥ… ግን ዓሣ እኮ—»

«እኛ አልነከስንሽም! ታዲያ የአንቺ ዓሣ ከማንኩሳ ልጅ ዓሣ ጋር ቢኖር ክብሩ ይቀንሳል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም? ወይስ ባሕር ዳር ሌላ ተረት ነው ያለው?»

ፉጨቱና ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ቤቴል አንገቷን ደፍታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። መታሰቢያ ሮጣ መጥታ ያምሮት አንገት ላይ ተጠመጠመች። «አንቺ ምላስሽ ምላጭ ነው፣ በማርያም!»

ልዑል አርብ ዕለት ትልቁ ገንዳ ገባ።

ሰኞ ጠዋት በሩን የከፈተችው ያምሮት ናት። ሰማያዊው ዓሣ ገንዳው ሥር ጠጠሩ ላይ ተጋድሟል። ወርቅማዎቹ፣ በእጇ ያሳደገቻቸው ወርቅማዎቹ፣ እየተመላለሱ ክንፉን ይነጫሉ። የሐር ሻሹ ተበጣጥሶ ጅማት ብቻ ቀርቷል። እጇን እስከ ክርኗ ነክራ አወጣችውና ጠርሙሱ ውስጥ ከተተችው። ጉንጩ በቀስታ ይነሳል፣ ይወድቃል። አልሞተም።

ልጆቹ ሲመጡ ናሁሰናይ ጠርሙሱን አየና «ራሱ ጀምሮ ነው የተቀጠቀጠው። እንደ ባለቤቱ ጉረኛ ነው» አለ።

ቤቴል ጠርሙሱን ደረቷ ላይ አስጠግታ ያምሮትን አየቻት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «በደንብ ተከራክሬ ቢሆን ኖሮ አይገባም ነበር። መናገር አልችልበትም።»

ያምሮት ቢሰድቧት ትመልስ ነበር፤ ስድብ ታውቅበታለች። አሁን ግን ባልዲዋን አንስታ ወጣች።

ወደ ቤት ሲሄዱ መታሰቢያ ክንዷን ያዘቻት። «ምን ሆነሻል? ክርክር ነው እኮ። አንቺ በምን ታውቂያለሽ?»

«አዎ» አለች ያምሮት። «በምን አውቃለሁ።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ጠላችው።

ለወላጆች ቀን ያምሮት ተጠየቅን መድረክ ላይ ለእንግዶች እንድታሳይ ተመረጠች። በዕለቱ አባቷ አቶ ገብረሰንበት ከማንኩሳ መጥተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። «የእኔ ጠበቃ!» ይሏታል እቤት፤ አጠገባቸው ላለው ሰውዬም ይህንኑ እየነገሩት ይመስላል፤ እጃቸው ወደ መድረኩ ይጠቁማል።

ያምሮት ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ ወደ አዳራሹ የኋላ ወንበሮች ሄደች። ቤቴል ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ተነሺ፤ ከእኔ ጋር የምትቆሚው አንቺ ነሽ።»

«ደግሞ ልታዋርጂኝ?»

«ዛሬ ጠያቂዋ አንቺ ነሽ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቂኝ።» ያምሮት ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ላይ ነገረቻት።

ቤቴል ፊቷን ትክ ብላ አየቻት። «እውነትሽን ነው? ታው—»

«እዚህ አይደለም» አለች ያምሮት፣ ዓይኗን ከአባቷ ጋቢ ላይ ሳታነሳ። «እዚያ።»

መድረኩ ላይ ወጡ። መምህር ሀይሉ ግራ ተጋብተው ሁለቱን ተራ በተራ አዩ፤ ከዚያ ማይኩን ሰጧቸው። ያምሮት ማይኩን ለቤቴል አሳለፈችና ሁለት እርምጃ ርቃ፣ እጇን ወደኋላ አጣምራ ቆመች።

«ተጠየቂ» አለች ቤቴል። ድምፅዋ እንደ በፊቱ ቀጭን ነበር።

«አልሰማንም!» አለ ከኋላ አንድ ልጅ።

«ተጠየቂ!»

«ልጠየቅ!» አለች ያምሮት።

«ያምሮት ገብረሰንበት! ዓሣዬ ከዓሦችሽ ጋር እንደማይኖር ከክርክሩ በፊት ታውቂ ነበር ወይስ አታውቂም? ይኸው ሰው ሁሉ ይሰማል፤ መልሺ!»