«እምቦሳ እሰሩ» ያለችው

ወዳጄ፣ እኔ አናጢ ነኝ፣ ጣሪያ ቋ ባለ ቁጥር ሰይጣን ገባ በሚሉ ሰዎች ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሁለቱም ድምፅ ያወጣሉ፣ አለቀ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ በኋላ «ይሄማ ድሮም ፈሪ ነው» እንዳትለኝ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ሰቆጣ ውስጥ የተከራየነው ቤት የኋላ ግድግዳው በዝናብ ርሶ ጎበጠ፣ አልጋችን የተጠጋው እዚያው ላይ ነበር፣ ባለቤቴ አበቡ ደግሞ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር። እናቴ በስልክ «በክረምት እንኳን ሰው አይጥም ከጉድጓዱ አይወጣ፣ መስከረም እስኪጠባ ታገሱ» አለችኝ፣ ግድግዳው ግን መስከረምን የሚጠብቅ አልመሰለኝም። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ባለሱቅ ከፋሲካ ጀምሮ ተዘግቶ የከረመ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው። ቁልፉን ሲሰጡኝ ዓይኔን አላዩኝም፣ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ዕቃችንን በባጃጅ ጭነን ደረስን። መላጊያዬን በእጄ ይዤ ነበር፣ ለምን በለኝ፣ አራት ወር የተዘጋ በር በነሐሴ አብጦ ይጣበቃል፣ ጠርዙ ሳይላግ አይከፈትም። እመነኝ፣ በአንድ ጣት ገፋ ሳደርገው ተከፈተ፣ ሲጥ እንኳ አላለም፣ በየቀኑ ሰው የሚወጣ የሚገባበት ይመስል። ጥሩ እንጨት ነው ብዬ ዕቃ ማውረድ ጀመርኩ። ከጓዳ በኩል ጠረግ ጠረግ የሚል ድምፅ መጣ፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ካፊያው ቆርቆሮውን ሲመታ ነው አልኩ፣ ቀና ብዬ ሳይ ግን ካፊያ አልነበረም።

ይሄኔ ቅድም ስንደርስ አበቡን በአጥር ላይ ያነጋገሯት ጎረቤታችን እማማ ለምለም አምባሻ ይዘው መጡ። እኔ ከባጃጁ ጀርባ የአልጋውን እግር እፈታለሁ፣ አበቡ ግቢው ጥግ ድንጋይ ላይ አረፍ ብላለች፣ እማማ ሁለታችንንም አላዩንም፣ በቀጥታ በሩ ላይ ሄደው እንደ ወጉ «ቤት ለእምቦሳ!» አሉ። ባለቤቱ ምን ብሎ እንደሚመልስ ታውቃለህ። ከጓዳ ውስጥ የሴት ድምፅ፣ ሳይቸኩል፣ «እምቦሳ እሰሩ!» አለ።

አበቡን አየኋት፣ አየችኝ፣ አፏ አልተንቀሳቀሰም። እሷ የጽጽቃ ልጅ ናት፣ አማርኛዋ የኽምጣኛ ቃና አለው፣ ያም ድምፅ ያው ቃና ነበረው፣ ስለዚህ እማማ እሷ መስላቸው «አይ ልጄ፣ በዚህ ሆድሽ ቤት ትጠርጊያለሽ?» እያሉ ገቡ። ወዲያው ከጓዳው ደፍ ተመልሰው ወጡ፣ አበቡን ድንጋዩ ላይ ሲያዩ አምባሻው ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«አንቺ እዚህ ነሽ? ታዲያ የመለሰችልኝ ማን ናት?»

«ሬዲዮ ይሆናል እማማ፣ አይደንግጡ» አልኩ፣ ሬዲዮ እንደሌለን እያወቅሁ።

«ሬዲዮ ለእኔ ሰላምታ ይመልሳል እንዴ!»

መዶሻዬን ይዤ ጓዳ ገባሁ፣ አዎ ፈርቼ ነበር፣ ምን እደብቅሃለሁ። መስኮት የለው፣ ሌላ በር የለው፣ ሰው የለ። መሬቱ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተጠርጓል፣ የመጥረጊያው ጭረት ገና ትኩስ ነው፣ የእግር ዱካ አንድም የለበትም።

ወዴት እንሂድ? ዝናቡ እንደገና ወረደ፣ አበቡ ወገቧን ይዛለች፣ እዚያው አደርን፣ እኔ ቁጭ ብዬ። ጠዋት የድሮው ጎረቤታችን ደወለልኝ፣ ያ ግድግዳ ሌሊት ተንዶ አልጋችን የነበረበትን ጥግ ቀብሮታል። አበቡ እንባዋን እየጠረገች «ክፉ ብትሆን እሰሩ ትለን ነበር?» አለችኝ። እኔ ግን ልጄ በማላውቀው ሰው ቤት እንዲወለድ አልፈለግሁም፣ ቁልፉን ልመልስ ወደ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ።

አፌን ሳልከፍት «መለሰችላችሁ?» አሉኝ።

«እርስዎ ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«መለሰችላችሁ ወይ ነው የምልህ!»

«አዎ።»

በረጅሙ ተነፈሱ። «አልሐምዱሊላህ። እንግዲያ አትልቀቁ። ለፊተኞቹ አልመለሰችም።»

«ምን ሆኑ ፊተኞቹ?»

ደንበኛ ገባ፣ ስኳር መመዘን ጀመሩ፣ ደጋግሜ ብጠይቃቸውም ከሚዛኑ ቀና አላሉም፣ ቁልፉን እንደያዝኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሴት ልጃችን በመስከረም ተወለደች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት፣ ቤቱም ጠብታ አያፈስም። አንዳንዴ ጓዳ ተኝታ ስታለቅስ ማንም ሳያነሳት ዝም ትላለች፣ ሕፃን እንዲህ ነው እላለሁ፣ ግን ያን ዝምታዋን ከልቅሶዋ ይልቅ እፈራዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ገበያው አጠገብ ሌላ ቤት አገኘሁ፣ አበቡም አልቅሳ አልቅሳ እሺ አለች። ትናንት እሷ ልጅቱን ይዛ ክትባት ስትሄድ፣ ያ ፌዘኛው እኔ፣ ጓዳው ደፍ ላይ ቆሜ ኮፍያዬን አወለቅሁና «ልንለቅ ነው፣ በሰላም ሸኚን» አልኩ።

ሦስት ጊዜ አልኩ። አልመለሰችም።