ክንዱ ባሕር ዳር አልሄደም

«አባትሽ ዛሬም ከባሕር ዳር አልተመለሰም በይኛ?» አሉ አያ ሰማኸኝ።

እናትነሽ በማኅበርተኛው መካከል ቆማ መሬት መሬት ታያለች። አያ ሰማኸኝ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ናቸው፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ የሚመጣው ወር ተራ የማን ነው የሚለውን ሁሉ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የሚመጣው ወር ተራ ደግሞ የአባቷ የክንዱ ነው። ጠዋት ከጓዳ ሆኖ የነገራት መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ አለ፦ «ሥራ በዝቶበታል፤ ተራውን ለሌላ ስጡት ብሏል።» ባለፈው ወርም፣ ከዚያ በፊት በነበረውም ወር እንዲህ ያለ ውሸት ተናግራ ሄዳለች። ዛሬ ግን ምላሷ እንቢ አላት።

ባሕር ዳር ምን አስኬደው! ክንዱ ሦስት ወር ሙሉ ከቤቱ ንቅንቅ አላለም። የያዘው ሳንባ ነቀርሳ ነው። ሳሉ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ የባሰው እፍረቱ ነው። በታች ጋይንት እንደ ክንዱ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ገበሬ የት ነበር? ማኅበር ላይ ሲዘምር እኮ ድምፁ ማዶ ድረስ ይሰማል። በሽታው የተነገረው ዕለት ግን፣ «የምንጠጣው ከአንድ ጽዋ ነው። ሰው ሲጸየፈኝ ከማይ ባልታይ ይሻላል» ብሎ ጓዳ ገባ። ሚስቱንና ልጁንም አፋቸውን አስያዘ።

ጉዱ ደግሞ ውሸቱ መሥራቱ ነው። በእነ እናትነሽ አገር የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አይውልም፤ መንገድ የሄደን ሰው ግን ማን ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቀዋል? «በሰላም ይመልሰው» ይባልና ይታለፋል። እናም ሦስት ወር ሙሉ የክንዱን ደጃፍ የረገጠ ሰው አልነበረም። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር አማረች በሁለተኛው ወር ሚስቱ የወሰደችላትን አክታ አስመርምራ፣ «አሁን ወደ ሰው አያስተላልፍም። መድኃኒቱን ስድስት ወር ሳያቋርጥ ይዋጥ፣ በደንብ ይብላ፣ ከሰው ይቀላቀል» ብላ ነበር። ማን ሰምቷት! ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ይባስ ብሎ ከሦስት ቀን ወዲህ ኪኒኑንም ተወው።

«እንዲህ ብቻዬን ተቀምጬ ድኜስ ምን ልሆን ነው?» አላት ትናንት።

እናትነሽ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በሽታው ብሶ እንደሚመለስ ታውቃለች፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ባዮሎጂ ላይ ተምራዋለች።

«ልጄ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ሙሴው።

«አባዬ ባሕር ዳር አልሄደም» አለች። «እቤት ነው። ሳንባ ነቀርሳ ታሟል። ስዋሻችሁ ነው የከረምሁ፤ ይቅር በሉኝ።»

እናትነሽን ሼም ያዛት፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ሮጣ ብትወጣ ደስ ባላት ነበር። ነገር ግን ያልተዋጠው ኪኒን ትዝ አላትና እዚያው ቆመች።

መጀመሪያ የተናገረው ጎረቤታቸው ማሩ ነው። ማሩ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ «ይማርህ» ብሎ ሁለት እርምጃ የሚሸሽ ሰው ነው።

«ኧረ በሥላሴ! ይኼ ተላላፊ አይደል እንዴ? ጽዋውስ?»

«አያ ማሩ፣ በጽዋ አይተላለፍም፤ በትንፋሽ ነው። አሁን ደግሞ ተመርምሯል፤ በትንፋሹም አያስተላልፍም። ካላመኑኝ ሲስተር አማረችን ይጠይቋት።»

ቄስ ተክለ ማርያም ብድግ አሉ። እናትነሽ ሊቆጧት መሰላት። ተቆጡም፤ የተቆጡት ግን እሷን አልነበረም።

«ሦስት ወር! የንስሐ ልጄ እዚህ አፍንጫዬ ሥር ብቻውን ሲማቅቅ እኔ ‹መንገዱን ያቅናለት› እያልሁ እጸልያለሁ! ምን ቄስ ነኝ እኔ? እኛስ ምን ማኅበር ነን? የተሰበሰብነው ለጠላው ነው?»

«እኔማ አፈርሁ» አሉ አያ ሰማኸኝ። «ተነሡ በቃ! ጽዋው ወደ ባለ ተራው ቤት ይሂድ።»

ደንቡም እንደዚያ ነው፤ ጽዋ በመዝሙር ታጅቦ ወደሚቀጥለው ባለ ተራ ቤት ይሄዳል። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ ዳቦውን ተሸክመው እየዘመሩ ወጡ። ፊት ፊት የምትሄደው እናትነሽ ናት። ኮርታለች፤ አባቷን ግን ፈርታለች።

እናቷ የኔነሽ በር ላይ ቆማ መዝሙረኛውን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ክንዱ ጋቢውን ተከናንቦ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ልጁን አያት።

«አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?»

«አዎ አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለችው፤ ዓይኗን አልሰበረችም።

ቄስ ተክለ ማርያም ባርከው ጽዋውን ሰጡት። ክንዱ ተጎነጨና ጽዋውን እንደያዘ ቀረ። ለማን ይስጠው? ይኼኔ ማንም ያልጠበቀው ሰው እጁን ዘረጋ፤ ማሩ! ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ፈርቷል፣ ግን ጠጣ።

«ብሞት ይችን ልጅ ነው የምትጠይቁ!» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ክንዱም ሳቀ። ከዚያ አቀርቅሮ አለቀሰ፤ ማንም ተው አላለውም።

እናትነሽ ኪኒኑን ማቋረጡን ስትነግራቸው፣ ሳይነሡ ሁሉንም ነገር ተከፋፈሉት። በየጠዋቱ አንድ ሰው እየመጣ ከክንዱ ጋር ቁርስ ይበላል፤ ኪኒኑን ሲውጥም ያያል። ነገውኑ ጤና ጣቢያ የሚወስዱት አያ ሰማኸኝ ናቸው። ገብሱን ደግሞ ሐሙስ በደቦ ሊያጭዱለት ተስማሙ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። የክንዱ ጉንጭ ሥጋ ሊይዝ ጀመረ። አንድ ዓርብ ማለዳ ጢሙን ተላጭቶ ዱላውን አነሣና፣ «እናትነሽ፣ ትምህርትሽ ከሰዓት አይደል? አርብ ገበያ ደርሰን እንምጣ» አላት።

መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቷል። ጥቂት እንደሄዱ ከሌላ ቀበሌ የመጣ የድሮ ወዳጁ አህያውን አቁሞ በድንጋጤ አየው።

«ክንዱ! ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳህ?»

አባቷ ቀጥ አለ። እናትነሽ ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ግን መልሳ ዘጋችው። ይህን መናገር ያለበት እሱ ነው ብላ ጠበቀች።

«ሳንባ ነቀርሳ ታምሜ ነው» አለ ክንዱ። አልተንሾካሾከም፤ ከኋላ የሚመጡት ገበያተኞች ሁሉ ሰሙት። «መድኃኒት ላይ ነኝ፤ እየዳንሁ ነው። ተደብቄ ልሞት ነበር፤ ከጓዳ ያወጣችኝ ይቺ ልጄ ናት።»

እናትነሽን በደስታ እንባ እንባ አላት። አባቷ ወዳጁን ተሰናብቶ ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ደረቱን ነፍቶ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

«አባዬ፣ ቀስ በል እንጂ!»

«አንቺ ፍጠኝ!» አላት፤ እሷም እየሳቀች ተከተለችው።