የባሕሩ ድግስ

በሳሌማር መንግሥት፣ በንጉሥ ዘንዶር ዘመን፣ ባሕሩ ማንም ሳይጠይቀው ድግስ ደገሰ። ፀሐይ ስትወጣ ዓሦች በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ዳርቻው መጡ። ሸርጣኖች አንዱ በሌላው ላይ እየተንጠላጠሉ ድንጋዩ ላይ ወጡ። ታላላቆቹ ዓሦች አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፍተው ቆሙ። መረብ የጣለ አልነበረም፤ በእጅ መልቀም ብቻ ነበር። የዳርቻው ሰዎች ከበሮ መቱ፣ እልል አሉ፣ እስኪያቅራቸው በሉ። ለባሕሩም ምስጋና ይሁን ብለው፣ ንጉሡ ከደጋ የላከላቸውን፣ ማሳ የሚያለመልመውን ነጭ የጥጋብ ዱቄት በቅርጫት እያመጡ ውሃው ውስጥ ደፉት። እግዜር ያሳያችሁ! የሚታፈንን ሰው አንገቱን አንቆ ማመስገን ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያልጨፈረችው ሐመራ ብቻ ነበረች። አባቷ ባርጋድ የባሕሩ ጠባቂ ነው። ጠባቂ የሚሆን ሰው ለባሕሩ ይምላል፤ ባሕሩም እንደ ዓሣ መተንፈሻ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ምድር አይመለስም። ሐመራም ልጁ ናትና የባሕር እስትንፋስ በደረቷ ይዛ ተወልዳለች። ስትጠልቅ በውሃ ውስጥ ትተነፍሳለች፤ ስትወጣ ደግሞ እንደ ማንኛችንም ናት። በዚያን ዕለት ወደ አባቷ ስትወርድ ታችኛው ውሃ ጥቁር ነበር። ባርጋድን ከአለት ተደግፎ፣ ጎኑ እየተርገበገበ አገኘችው።

«ልጄ፣ ዓሦቹ ለድግስ አልወጡም፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው የሸሹት» አላት። «በደጋው ማሳ ከሚረጨው ዱቄት ሰብሉ ሳይመጠው የቀረው በዝናብ ይታጠባል፤ የዮራ ወንዝ ወደ እኛ ያመጣዋል። እዚህ ሲደርስ አረንጓዴ የውሃ አረም በቅሎ የባሕሩን ላይ ይሸፍነዋል። ከዚያ ይሞትና እኔ ላይ ይወርዳል። ሲበሰብስም የውሃውን እስትንፋስ ይጠጣዋል። በደጋው ጫፍ ዱቄቱን የሚያፈልቅ ማድጋ አለ። በባሕር እስትንፋስ ተከፈተ፤ በባሕር እስትንፋስ ይዘጋል ተብሎ ተነግሯል።»

ሐመራ እጇን በአባቷ ደረት ላይ አድርጋ ማለች፦ «ያንን ማድጋ ሳልዘጋ ብመለስ ባሕሩ አይቀበለኝ! አንተ ብቻ ጠብቀኝ።»

ጎራም የሚባል ቀዛፊ አብሯት ሊሄድ ተነሣ። ወሬኛ ነው፤ ልቡ ግን ሙሉ ነው። «ማድጋውን የሚጠብቀው ባለሰባት ቀንዱ አውሬ ሸንጎል ቢውጠኝ እንኳ ወሬዬ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ይገድለዋል» ይላት ነበር። ወንዙን ሽቅብ ቀዘፉ። በግራና በቀኝ ያለውን ዓይነት እህል በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም፤ ዛላው ከክብደቱ የተነሣ መሬት ይነካል። ሐመራ ማማሩን ባየች ቁጥር ትናደዳለች፤ መልሳ ደግሞ በመናደዷ ታፍራለች።

ደጋው ጫፍ፣ ማድጋው ዘንድ ሲደርሱ፣ የሚፈራው ሸንጎል ከጥጋብ ብዛት ወፍሮ በጎኑ ተጋድሟል። አንድ ዓይኑን ገልጦ አያቸውና መልሶ ከደነ። ጎራም የመዘዘውን ጎራዴ ምን እንደሚያደርገው ቸገረው።

ሐመራን ያስቆማት አንዲት ሕፃን ያዘለች ገበሬ ናት። በማድጋው ፊት ተንበረከከችላት።

«እመቤቴ፣ በእናትሽ ይዤሻለሁ! ልጆቼ ጠግበው ሲያድሩ ያየሁት ይህ ማድጋ ከተከፈተ ወዲህ ነው። ብትዘጊው ምን ላበላቸው ነው?»

«አባቴ እየታፈነ ነው» አለች ሐመራ።

«እኔ አባትሽን የት አውቃቸዋለሁ? ለሰው ክፉ አስበን አይደለም እኮ። መሬቱን ጥቂት ሲበቃው፣ ይብዛ ይብዛ እያልን ጨመርንበት።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ሐመራ አለቀሰች። ከዚያ አፏን በማድጋው አፍ ላይ ገጥማ የባሕር እስትንፋሷን እስከ መጨረሻው ተነፈሰችበት። ነጩ ዱቄት መፍለቁን አቆመ። በደረቷም ውስጥ ከልደቷ ጀምሮ የነበረ ነገር ጠፋ፤ ከእንግዲህ ብትጠልቅ እንደ ማንም ሰው ትሰምጣለች። ሴትዮዋ አልረገመቻትም። ሕፃኗን አጥብቃ አዝላ ሄደች።

«ድል አደረግሽ!» እያለ ጎራም ወንዙን ቁልቁል ቀዘፈ። ወደ ዳርቻው ሲቃረቡ ግን የከበሮ ድምፅ ሰሙ። ባሕሩ ዳግመኛ ደግሷል። ሐመራ ከጀልባው ዘላ ሮጠች። በዓሦቹና በሸርጣኖቹ መካከል፣ ወገቡ በውሃ፣ ደረቱ በአሸዋ ላይ ሆኖ፣ ባርጋድ ተዘርግቶ ነበር። ወደ ምድር ላይመለስ የማለው ሰው መሐላውን አፍርሶ ትንፋሽ ፍለጋ ወጥቷል።

«ዘጋሽው?» አላት።

«ዘግቼዋለሁ፣ አባዬ። ታዲያ ውሃው ለምን አልጠራም?»

«የወረደው አረም ገና ታች አለ። በስብሶ እስኪያልቅ የውሃውን እስትንፋስ መጠጣቱን አይተውም። ዕድሜ ይፈልጋል፣ ልጄ።»

«ያንተ ዕድሜስ?»

ሐመራ አጠገቡ ተንበረከከች። አፏን በአፉ ገጥማ ተነፈሰችለት፤ የቀራት ግን የምድር እስትንፋስ ብቻ ነበርና ለእሱ አልሆነውም። እጇ ላይ ሞተ። ከበሮውም ያን ጊዜ ቆመ።

ጠባቂ ሲሞት ልጁ ይዛው ጠልቃ በባሕሩ ወለል ላይ ታሳርፈዋለች፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሐመራ ግን አባቷን ይዛ አረንጓዴው ውሃ ውስጥ እስከ ደረቷ ገብታ ቆመች። ከዚያ ማለፍ አልቻለችም፤ ለቀቀችው። ጎራም ውሃው ውስጥ ገብቶ አጠገቧ ቆመ።

ዘመን አለፈ። የደጋው እህል ሳሳ፣ ዮራም እየጠራ ሄደ። ያን ቀን ያዩት ከአንዲት በቀር ሞተው አለቁ፤ የሐመራን ነገር ለልጆቻቸው የነገረ የለም። ለልጆቹ የቀረላቸው በየዓመቱ የሚመጣው ድግስ ብቻ ነው። አንድ ዓመት ወራቱ ሲደርስ እንደ ልማዳቸው ከበሮ ይዘው ወጡ። ዳርቻው ባዶ ነበር፤ አንድ ሸርጣን እንኳ አልወጣም። «ባሕሩ ተቀየመን» ብለው አዘኑ። አሸዋው ላይ የተቀመጠች አንዲት ሽበታም አሮጊት ብቻ የጠራውን ውሃና ባዶውን ዳርቻ እያየች እልል አለች።

«ጃጅታለች» ተባባሉና ከበሮአቸውን ይዘው ተመለሱ።