በአንድ እሁድ ሁለት ፊርማ

ወዳጆቼ፣ የያዛችሁትን አስቀምጡና አንዴ ስሙኝ። ቶሎ ቶሎ ነው የማወራው። ቀስ ካልኩ እንባ ይቀድመኛል።

ሬሳውን ያገኘችው ቲሚፓ ናት።

ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ሲወጣ፣ እኛ የኦቢራማ ሴቶች ማንግሮቭ የሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ ሥር ገብተን ቀንድ አውጣ እንለቅማለን። የዚያን ቀን ጭቃው ጥቁር ነበር። ዘይት። ቅርጫታችንም እጃችንም ጠቆረ። ባሕሩ ላይ ያለው የነዳጅ መቆፈሪያ ከፈነዳ ስድስተኛ ቀኑ ነው። አራት ሰው ሞቷል ተብሏል። የሦስቱ ሬሳ መጥቷል፤ አንዱ የቲሚፓ ባል ነው። የቀረው አንድ ነበር።

ቲሚፓ ሥሩን ስታገላብጥ ቢጫ ቡትስ ጫማ አየች። ከጫማው በላይ እግር ነበረ።

ጮኸች። ጎንበስ ብላ ፊቱን አየች።

ከዚያ ተፋችበት።

ኪሜ ነበር። የእማማ ላዬፋ የበኩር ልጅ።

ለምን እንደተፋች ልንገራችሁ። ኩባንያው በሬዲዮ አስነግሮ ነበር። ጉድጓዱ ሲቆጣ አፉን የሚዘጋ ትልቅ ብረት ከባሕሩ ሥር አለ፤ ያን ቀን አልዘጋም። ብረቱን በየአሥራ አራት ቀኑ የሚፈትሸው የፈረቃው አለቃ ነው። የፈረቃው አለቃ ኪሜ ነው። ኪሜ «ፈትሼዋለሁ፣ ደህና ነው» ብሎ ፈርሟል። ሳይፈትሽ ዋሽቷል። ሦስት ሰው አስጨርሷል። እንዲህ ነው ያሉት።

በእኛ ደንብ ሰው ያስጨረሰ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። ከማዶ ጫካ ይወሰዳል፣ ያለ ጸሎት። ሽማግሌዎቹ ለላዬፋ እስከ ቅዳሜ ቀን ሰጧት። ሬሳውን የዓሣ በረዶ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥነው። ሳጥኑ ባዶ ነበር፤ በዚያ ዘይት ማን ዓሣ ያጠምዳል?

ላዬፋ አላለቀሰችም። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች። ወደ ወደቡ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች።

«ተቀመጪ እንጂ» አልናት።

«ቅዳሜ እቀመጣለሁ» አለች።

ሐሙስ ጧት ኢንስፔክተር ኡዶፊያ መጣ። የደረቅ አገር ሰው ነው። ጀልባዋን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የደረሰው። መጀመሪያ የያዘው ዘይት የሚጠልፉትን ጎረምሶች ነው። ቧንቧ ሲበሱ እሳት አስነሱ የሚል ጥርጣሬ ነበረው።

«ያን ቀን መቆፈሪያው ጋ ጀልባችሁ ታይታለች» አላቸው።

«ታይታለች!» አለው ትልቁ። «የተቃጠለ ሰው ስናወጣ ነው የታየችው። እንሰርቃለን፣ አልካድንም ጌታዬ። ግን እየነደደ ያለ ነገር ማን ይሰርቃል?»

እውነቱን ነበር። አሥራ አንድ ሰው ያወጡት እነሱ ናቸው። የወጡትንም ኩባንያው ከተማ ወስዶ ሆስፒታል አስተኛቸው፤ ጠያቂ አይገባም ተባለ። ኢንስፔክተሩ ጎረምሶቹን ለቀቃቸውና ወደ ላዬፋ ቤት መጣ።

«እማማ፣ ልጅዎ ይጠጣ ነበር?»

«ውሃ።»

«እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔስ መች ቀለድኩ?»

«ችኩል ነበር? ሥራ ይዘላል?»

«መረብ ሲጠግን አንድ ቀዳዳ ካለፈው ከመጀመሪያው የሚፈታ ልጅ ነው። አባቱ እስኪሰድበው ድረስ።»

ኢንስፔክተሩ ተነፈሰ። ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። «ይኸው ፊርማው። የሱ አይደለም?»

ላዬፋ መነጽሯን አደረገች። ፊርማው መጨረሻ ላይ እንደ መንጠቆ ይቆለመማል።

«የሱን ይመስላል» አለች። ድምፅዋ ወረደ። «መቼ ነው የፈረመው?»

«ማርች ዘጠኝ። እሁድ ጧት፣ ሦስት ሰዓት ላይ።»

«ድገምልኝ።»

ደገመላት።

«የጾሙ የመጀመሪያ እሁድ?»

«እሱን እንኳ አላውቅም።»

«አታውቅም። እነሱም አያውቁም!» ብድግ አለች። «ና ተከተለኝ።»

በፀሐዩ እየሮጠች ወጣች። እሱ ከኋላ፣ ጫማው ጭቃ እየዋጠው። እኛም ከኋላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓመት አንዴ ሽማግሌዎቹ ውሃውን ይዘጋሉ። የውሃውን መንፈስ የሚወክለው ጭምብል ተለብሶ የሚወጣበት ጊዜ ነው፤ ከአርብ እስከ ሰኞ መቅዘፊያ ውሃ አይነካም፣ ሞተር አይነሳም። ላዬፋ የማርያም ማኅበር ሰብሳቢ ናት፤ «ለጭምብሉ አልሰግድም፣ ጀልባዬን ግን አላወጣም» ነው የምትለው። ሁላችንም እንደዚያው ነን። ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆረጥ የዘንድሮው በሳምንት ቀድሞ መጣ። ኪሜ ለአጭር ዕረፍት ሐሙስ ቤቱ ገብቶ ነበር። ቅዳሜ ሊመለስ ነበር የታሰበው፤ ውሃው ያዘው።

«ቄሳችን ከማዶ ነው የሚመጣው» አለች ላዬፋ እያለከለከች። «ያን እሁድ መምጣት አልቻለም። ወንጌሉን ማን አነበበ?»

«ኪሜ!» አልን ሁላችንም። ያኔ ነው የገባን። ኩባንያው «ፈርሟል» አለን እንጂ መቼ እንደፈረመ አልነገረንም ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝገብ አለ። በየእሁዱ ያነበበው ሰው ይፈርምበታል። ላዬፋ ገለጠችው። ማርች ዘጠኝ። ሦስት ሰዓት። ኪሜ። መንጠቆዋ ቁልጭ ብላ።

ኢንስፔክተሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘ።

«በሄሊኮፕተር ቢሄድስ?»

«ሄሊኮፕተሩ የሚነሳው ከከተማ ነው። ከተማ በምን ይደርሳል? በውሃ ላይ በእግሩ? እንደዚያ የሄደ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም የኔ ልጅ አይደለም።»

ኢንስፔክተሩ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው። «መዝገቡን ይያዙ እማማ። ነገ ከተማ እንሄዳለን።»

አርብ ከሰዓት የኩባንያው ቢሮ ገባን። አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ብቻዋን አትሄድም ብዬ። ቢሮው ይቀዘቅዛል። የቁፋሮው ሥራ አስኪያጅ አቶ ባንዴሌ ነው፤ ሥራውን የሚመራው ከዚያው ከተማ ቁጭ ብሎ ነው። ከጎኑ የኩባንያው ጠበቃ አለች፤ ቀጠን ያለች፣ ስልኳን የማትለቅ ሴት።

«የልጅዎ ነገር በጣም ያሳዝናል እማማ» አለ ባንዴሌ።

ላዬፋ መዝገቡን በሻሽ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋለች። 

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ኪሜ ለእሁዱ ፍተሻ በምን ነው የሄደው?»

«በጀልባችን። እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ ከኦቢራማ ወደብ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የፈረቃው ሰሌዳ ላይ አለ። ማየት ትችላለህ።»

«ቅዳሜ የኦቢራማ ውሃ ዝግ ነበር።»

«ዝግ ማለት?»

ላዬፋ ሻሹን ፈታች። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጣቷን ፊርማው ላይ አሳረፈች።

ባንዴሌ አየ። ደግሞ አየ። በዚያ ቅዝቃዜ ግንባሩ ላብ አወጣ።

«አቶ ባንዴሌ፣ አይመልሱ» አለች ጠበቃዋ።

«ሰሌዳው ቅዳሜ ይመለሳል ይላል» አለ እሱ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ሰሌዳውን አይቼ ነው ስሙን ያስገባሁት። ፊርማውን ከድሮ ወረቀት ቀዳሁት።»

«ፍተሻውስ?»

«አልተደረገም።»

«ለምን?»

«ፍተሻ ቁፋሮውን ቀን ተኩል ያስቆማል። ከዋናው መሥሪያ ቤት ምንም ነገር እንዳታስቆም ተባልኩ። ብረቱ ያንጠባጥባል ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው ‹ወረቀቱን አሟላ› ነበር። ብረቱን አላሉኝም። ወረቀቱን።»

«ኪሜ ያውቅ ነበር?»

ባንዴሌ አቀረቀረ። «ማክሰኞ ሲመለስ ወረቀቱን አየው። ደወለልኝ። ‹ይሄ የኔ አይደለም፣ ሥራው ይቁም› አለኝ። እስከ አርብ ታገሠኝ አልኩት። ሐሙስ ፈነዳ።»

ላዬፋ ጣቷን ከመዝገቡ አነሳች። 

«ልጄ ሲደውልልህ ድምፁ ምን ይመስል ነበር?» አለች ላዬፋ።

«ምን?»

«ድምፁ።»

«ተቆጥቶ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። «ተመስገን። ተቆጥቶ ነው የሞተው፤ ዋሽቶ አይደለም።»

ጠበቃዋ ተነሳች። ወረቀትም አላየች፣ በቃሏ ነው ያወረደችው። «ኩባንያው በአቶ ባንዴሌ ድርጊት እጅግ አዝኗል። ይህ የአንድ ግለሰብ ጥፋት ነው። ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ከሥራ ታግዷል።»

ባንዴሌ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ቆይ የኔ ልጅ» አለቻት ላዬፋ። «ትናንት ጥፋቱ የልጄ ብቻ ነበር። ዛሬ የዚህ ሰውዬ ብቻ ሆነ። ነገ ደግሞ የማን ብቻ ልትሉ ነው? የጥበቃው? ከጉድጓዱ የሚወጣውን ስትወስዱ አንድ ላይ ናችሁ። ሬሳ ሲወጣ ነው አንድ ሰው የምትሆኑት?»

ጠበቃዋ ስልኳን አየች። ስልኩ ምንም አላላትም።

«የተጻጻፋችሁት የታለ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

ባንዴሌ ጠበቃዋን አያት። ከዚያ ስልኩን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ገፋው። ሦስቱም ደብዳቤ፣ ሦስቱም መልስ ከነጻፊዎቹ ስም ነበሩ።

ኢንስፔክተሩ የክስ ወረቀቱን አወጣ። ተከሳሽ በሚለው ቦታ መጀመሪያ የኩባንያውን ስም ጻፈ። ቀጥሎ መልሱን የጻፉትን። ቀጥሎ ባንዴሌን። የኪሜን ስም ከሟቾቹ ጋር አሰፈረው።

ቅዳሜ ጧት ሽማግሌዎቹ መዝገቡን አዩ። ሁላችንም በሐፍረት አፈር በላን። የግቢውን በር ከፈቱት።

ሬሳውን ልናጥብ ስንል ቲሚፓ መጣች። ባልዲና ንጹሕ ጨርቅ ይዛለች። በሩ ላይ ቆመች፣ መግባት አቃታት።

«እማማ፣ የተፋሁበትን ፊት እኔ ልጠበው?»

ላዬፋ አየቻት። ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። «ከጆሮው ጀምሪ» አለቻት። «ዘይቱ እዚያ ነው የገባው።»

ቄሱ በጀልባ መጣ። ኪሜ ከባሎቻቸው አጠገብ ሲቀበር መበለቶቹ ሁሉ ቆመው ነበር። ላዬፋ ያን ቀን ነው የተቀመጠችው። ያን ቀን ነው ያለቀሰችው።

ኩባንያው አሁንም ፍርድ ቤት ነው፤ ጠበቃ ይቀያይራል፣ ቀጠሮ ያስለውጣል። ላዬፋም በየቀጠሮው መዝገቡን በሻሽ ጠቅልላ ትሄዳለች። ጭቃችን እስካሁን ጥቁር ነው።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። መልስ መስጠት በማይችል በሞተ ሰው ላይ ጥፋት ሲጥሉ ከሰማችሁ፣ ከማመናችሁ በፊት አንዴ ጠይቁልኝ፦ ያን ቀን የት ነበር?