በአይቸኩሌ እጅ የተገኘው መፍቻ

ሰፈሩ «አይቸኩሌ» እያለ የሚጠራው መካኒክ ከገዛ መኪናው ሥር ሞቶ በተገኘ ማግሥት ፖሊስ አንድ ልጁን ይዞ ሄደ። አባትና ልጅ በዋዜማው ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቶ ነበርና፣ ክሪኩን ለቅቆ መኪናውን የጫነበት ልጁ ነው ተባለ። እናት ባሏን ቀብራ ስትመለስ ቤቱ ኦና ሆኖ ጠበቃት። አንዱን አፈር፣ ሌላውን እስር ቤት ወስዶባት ለየትኛው እንደምታለቅስ እንኳ ግራ ገብቷት ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ከጋራዡ ደጃፍ በርጩማ ላይ ኩርምት ብላ አገኘቻት።

«ልጄን ነገ ወደ ወህኒ ያወርዱታል አሉኝ። የምትጠይቂኝን ቶሎ ጠይቂኝ።»

«ይነሡ እናቴ፣ አብረን እንይ።»

አሮጌው የጭነት መኪና አስከሬኑ ሲወጣ በግንዶች እንደተደገፈ ከመካከል ቆሟል። ከመኪና ሥር ሲገባ የሚቆሙት ሁለቱ የብረት ድጋፎች ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ አቧራቸው አልተነካም።

«ባለቤትዎ ያለ ድጋፍ ይገቡ ነበር?»

«እሱ? አንዷን ብሎን አጥብቆ ሦስቴ ተመልሶ የሚያያት ሰውዬ? ድጋፍ ሳያቆም እጁንም አያስገባም።»

መርማሪዋ በሥራ ጠረጴዛው ላይ የታሰረውን ከባድ የብረት መያዣ፣ ሞርሳውን፣ በጣቷ ዳሰሰች። ጣቷን አየችው፤ አልጠቆረም። ዘይትና ጥላሸት በወረሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ንጹሕ ነገር ቢኖር ሞርሳው ብቻ ነበር።

ከዚያም ከሟቹ እጅ የተገኘውን መፍቻ ከቦርሳዋ አወጣች። ከባድ፣ ጫፉ በዕድሜ የተላገ፣ በኢንች የሚለካ የጥንት መፍቻ ነው። በጀርባዋ ተንጋልላ ከመኪናው ሥር ገባች፤ ስትወጣ ፀጉሯ ጭቃና ዘይት ሆኗል።

«አንዱንም ብሎን አይዝም። ይላወሳል።»

«እንዴት ብሎ ይይዛል? የአማቴን ሞተር ባለፈው ወር አውጥተን አዲስ አስገባን። ይኼኛው በሚሊሜትር ነው። እነሱ ሲፈቱ ሰንሰለቱን የሳብኩት እኔ ነኝ።»

«አሮጌውስ የት ገባ? ለምንስ ወጣ?»

እናት ከጥግ ሸራ ለብሶ የተቀመጠውን ነገር በአገጯ አመለከተቻትና ምክንያቱን በሹክሹክታ ነገረቻት። መርማሪዋ ዞር ብላ ደጁን ቃኘች።

«ይህን ለማንም አይንገሩ። ለዘመድም ቢሆን።»

ለአይቸኩሌ ዕቃ ይሸጥ የነበረው የመለዋወጫ ነጋዴ ከሱቁ በር ላይ ጥርሱን እየጎረጎረ ተቀበላት።

«አዲሱን ሞተር የሸጥኩት እኔ፣ በጋሪ ገፍቼ ያደረስኩት እኔ። ደግሞ ደንበኛ ይገደላል እንዴ? እኔ በዓመት አንድ ዳዶ የሚገዛኝንም ዕድሜ ይስጠው እያልኩ ነው የምሸኘው።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከሩቅ ከተማ የመጣው ወንድሙ ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ከእናት አጠገብ አልተለየም። «እትዬ፣ ትንሽ ቅመሺ እንጂ» እያለ ሲለምናት መርማሪዋ መፍቻውን አሳየችው። ተቀብሎ በመዳፉ መዘነው።

«የአባታችን ነው። የዘይት ቋቱ ብሎኖች የሚፈቱት በዚህ ብቻ ነው፤ በሌላ ከነካካሻቸው ይላላጣሉ። ወንድሜ ዘይት ሊያፈስ ገብቶ ነው የተጫነው። አደጋ ነው፤ ልጁን ልቀቁት።»

«የየትኛው ሞተር ብሎኖች?»

«የዚያው መኪና ነዋ። በእሱ ነው ያደግነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እፈታዋለሁ።»

«ከመጡ ወዲህ ጋራዡን አይተውታል?»

«አስከሬኑ ሲነሣ ብቻ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በጋራዡ ተሰበሰቡ። ልጁን ሁለት ፖሊሶች በካቴና አመጡት። እናት ፊቱን አይታ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች፤ ዳግመኛ ላታየው እንደምትችል ታውቃለችና። ነጋዴው በሩን ተደግፎ ቆመ። ወንድምየው መቀመጫ ቢያጣ ከጥግ ሸራ በለበሰው ነገር ላይ ተቀመጠ።

«አይቸኩሌ ከመኪናው ሥር አልሞቱም፣» አለች መርማሪዋ። «ድጋፎቹ ካልተነሡ በፈቃዳቸው አልገቡም። ሞርሳው ታጥቧል፤ ተገፍተው ጭንቅላታቸው የተመታው ከዚያ ላይ ነው። ገዳዩ ጎትቶ አስገባቸው፣ ክሪኩን ለቀቀው፣ ሥራ ላይ የነበሩ እንዲመስልም መፍቻ አስጨበጣቸው። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መፍቻው ለዚህ መኪና ሞተር አይሆንም።»

«ታዲያ ማንም ያገኘውን አንሥቶ ይሆናላ፣» አለ ነጋዴው።

«መፍቻ ከሞላበት ሳጥን ውስጥ ለአሮጌው ሞተር የዘይት ቋት የሚሆነውን አንዱን ብቻ ለይቶ? ገዳዩ አሮጌውን ሞተር አብጠርጥሮ ያውቃል፤ መውጣቱን ግን አልሰማም። አዲሱን አንተ ሸጥከው፤ ልጁ ገጠመው፤ እናቱ ሰንሰለት ሳቡለት። ሦስታችሁም ይህን መፍቻ አትመርጡም።» ወደ ጥጉ ዞረች። «እስኪ ከተቀመጡበት ይነሡ።»

ወንድምየው ተነሣ። መርማሪዋ ሸራውን ገለጠችው። አሮጌው ሞተር ታጥቦ፣ በዘይት ወዝቶ ተቀምጧል። መፍቻውን ከዘይት ቋቱ ብሎን ላይ ስታሳርፈው ጥርቅም ብሎ ያዘ።

ወንድምየው የተቀመጠበትን ነገር ለረጅም ጊዜ አየው።

«የአባታችንን መኪና ስጠኝ አልኩት፣» አለ በመጨረሻ። «ታገሥ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ታገሥ ነው። አንዴ ብቻ ገፋሁት፤ ወደቀ። ልጁን እስኪይዙት ድረስ አደጋ ነው የሚሉ መስሎኝ ነበር።»

እናት ከበርጩማዋ ተነሣች።

«ይህን ሞተር ለማን ያወጣው መሰለህ? ለአንተ ነው። ልጄ ከአባቱ ጋር የተጨቃጨቀው የአያቴን ሞተር ለምን ትሰጣለህ ብሎ ነው። ያላለቀ ሥራ ለሰው አይታይም ብሎ ሸፈነው እንጂ፣ የቀረው አንድ የሞተሩ ቀለበት ነበር።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከልጁ አውልቆ ለአጎቱ አጠለቀለት። ልጁ ወደ እናቱ ሮጠ፤ እርሷ ግን ጎንበስ ብላ ሸራውን ከመሬት አነሣች።

«ገና አላለቀም፣» አለች።

ልጇ ሌላውን ጫፍ ያዘላትና አብረው ሸፈኑት።