ስድስተኛው ሠራተኛ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ሳቄን በነጠላዬ የምሸፍን ሰው ነኝ፣ ላሊበላ ተወልጄ ባድግም ስለ መንፈስና ስለ ጭራቅ የሰማሁትን ሁሉ የልጅ ማስተኛ ነው ብዬ ትቼዋለሁ፣ የተማርኩትም ምህንድስና ነው፤ ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ላስፈራችሁ አይደለም፣ የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተ የመሰላችሁን በሉ።

ከብልባላ በላይ ካለ ምንጭ ወደ መንደሩ የሚወርድ የውኃ ቧንቧ ሥራ አስተባብር ነበር። በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ስለሚሠራ ሁሉንም በእግር መከታተል አይቻልም፣ ስለዚህ የሥራ መከታተያ አፕ ስልካችን ላይ ጫንን፤ ሠራተኛ ሲገባ «ገባሁ»፣ ሲወጣ «ወጣሁ» ይባላል፣ አንድ ሥራ ሲያልቅ ፎቶ ተነስቶ ምልክት ይደረግበታል፣ እኔም ቢሮ ቁጭ ብዬ የትኛው እንደተጀመረ፣ የትኛው እንደቆመ አያለሁ። እመኑኝ፣ እንደሱ ያሳረፈኝ ነገር የለም፣ ዛሬም እሠራበታለሁ።

የሸለቆው ቡድን አምስት ሰው ነበር። ፎርማናቸው አያ ሞላ ስድሳ ዓመት የተጠጉ ግንበኛ ናቸው፣ ስልኩን ስሰጣቸው «ልጄ፣ እኔ የማውቀው ድንጋይ ነው፣ ይሄን መስታወት ምን አደርገዋለሁ?» ብለውኝ ነበር፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ለሌሎቹ አስተማሪ ሆኑ። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ ስለዚህ በየጠዋቱ አፋፉ ላይ ቆመው የአምስቱንም «ገባሁ» ይጫኑና ይወርዳሉ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አፑን ስከፍት ሸለቆው ስድስት ሰው ይላል። አምስቱ ስማቸው አለ፣ ስድስተኛው ስም የለውም፣ ባዶ መስመር ነው። የአያ ሞላ ጣት ስቶ ይሆናል አልኩና ተውኩት። አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ከዚያው ከሸለቆው ፎቶ ገባ፤ የቫልቭ ሳጥኑ፣ የውኃው መክፈቻ የሚቀመጥበት የድንጋይ ሳጥን፣ ተገንብቶ አልቋል ይላል። ድንጋዩ እንዴት እንደተገጣጠመ ልነግራችሁ አልችልም፣ መሐሉ ምላጭ አያስገባም። ግን ያ ሥራ ገና አልተጀመረም፣ ለቧንቧው የተቆፈረው ቦይ እዚያ ጋ ከሰው ቁመት ስለሚያልፍ ግድግዳው በእንጨት ሳይደገፍ ማንም እንዳይገባ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ደግሞስ ፎቶው በየትኛው ኔትወርክ መጣ? ብደውል፣ ስልካቸው አይሠራም። ሰው ከማለቁ በፊት ልድረስ ብዬ ተነሳሁ።

የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፣ ጉሙም ወርዶ ነበር። ሸለቆው አፍ ላይ ስደርስ መሮ ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ፤ ሦስት ይመታል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ሦስት። ትእዛዜን ጥሰው ገቡ ብዬ ተናድጄ ወረድኩ፣ ስደርስ ግን አምስቱም ሣሩ ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን እየበሉ ነው፣ አንድ ሁለት ብዬ ቆጠርኳቸው። ድምፁ አልቆመም።

«አያ ሞላ፣ ታች ያለው ማን ነው?»

«አንቺ የላክሽው ሰውዬ ነዋ!»

«እኔ ማንንም አልላክሁም።»

ማኘካቸውን አቆሙ። ጠዋት ሲወርዱ ድምፁ ቀድሟቸው ደርሷል፣ ቦዩ ከትልቁ ቋጥኝ ኋላ ስለሚታጠፍ ሰውየውን አላዩትም፣ በእኔ ፈቃድ ከቢሮ የተላከ አዲስ ሠራተኛ ነው ብለው የየራሳቸውን ሥራ ቀጠሉ። አሸዋ የምታቀርበው እታገኝ «ይጠማዋል ብዬ ቋጥኙ ላይ ውኃ አስቀምጬለት ነበር፣ በኋላ ሳይ ጣሳው ባዶ ነው» አለችኝ። ስለ ፎቶው አያ ሞላን ብጠይቃቸው፣ አፋፉ ላይ የአምስት ሰው ብቻ እንደጫኑ፣ ከዚያ ወዲህ ስልኩን ከኪሳቸው እንዳላወጡ ማሉልኝ።

ከዚያ አያ ሞላ ተነሱና ወደ ቋጥኙ ተጣሩ። «ወንድሜ! ኧረ ውጣ፣ እዚያ አይገባም!»

መሮው ቆመ። አያ ሞላ ሊወርዱ ሁለት እርምጃ ሲራመዱ ጋቢያቸውን ያዝኩ፣ ለምን እንደያዝኩ አላውቅም፣ በዚያች ቅጽበት ከቋጥኙ ኋላ የቦዩ ግድግዳ ተናደ፤ ጩኸት የለውም፣ እህል የሞላ ጆንያ መሬት ሲቀመጥ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው። ዝም አለ። ከዚያ ከአፈሩ ሥር መሮው ሦስት ጊዜ መታ። ስድስታችንም ሰምተናል።

በዶማም በእጅም ቆፈርን። እታገኝ ሮጣ መንደሩን ጠራች፣ እስኪመሽ፣ በማግሥቱም ቀኑን ሙሉ ሰው እየተቀያየረ ቆፈረ፣ የቦዩ ወለል ድረስ ወረድን። ሰው የለም። መሮ የለም። በፎቶው ላይ ካለው ድንጋይ አንዲት ፍላጭ እንኳ የለችም። ቀበሌው በየጎጡ አስጠየቀ፣ የጠፋ ሰው አልተገኘም። አፑን የሠሩት ልጆች ደግሞ የሌላ ፕሮጀክት ፎቶ ተቀላቅሎ ይሆናል አሉኝ። ይሁን፣ እሱስ ይሁን፣ የሰማነው ድምፅስ ከማን ጋር ተቀላቀለ?

ቧንቧውን በዚያው ሸለቆ በሌላ በኩል አዞርነው፣ ሠራተኞቹ ግን ለዚያ ሰው ፍትሐት ሳይደረግለት ሸለቆውን አንረግጥም አሉ። አያ ሞላና እኔ ወደ ደብሩ ቄስ፣ ወደ መምሬ ካሣ ሄድን። የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«አናውቅም፣ መምሬ።»

«ከእናንተ መሐል ያየው አለ?»

«የለም።»

መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ታዲያ መሞቱን በምን አወቃችሁ?» አሉን።