ደመናው እስኪገፈፍ

ቃለጽድቅ በሱቁ ጓሮ ድንጋይ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ቀኝ እጁ የብሎን መፍቻ ይዟል። ፒያሳን ከቀትር በኋላ የመታው ዝናብ አባርቷል፤ አሸንዳው ግን ገና ይንጠባጠባል።

ኢንስፔክተር ትብለጽ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ሬሳ ስታይ የምትጀምረው ከጫማ ነው። የሰውየው ደረት በዝናብ ርሷል፤ እግሩን ግን የፎቁ በረንዳ ጋርዶታል። የጫማውን ሶል በጣቷ ዳሰሰችው። ደረቅ ነው።

«ከጣሪያው ነው የወደቀው» አለ ሳጅኑ። «ገፊውንም ይዘነዋል።»

የተያዘው ሰው ሱቁ ውስጥ ካቴና ገብቶለት ተቀምጧል። ተስፋማርያም ይባላል፤ ከጃማ ቆላ የመጣ ባለወፍጮ ነው። ከበሩ በላይ «የሳተላይት ኢንተርኔት፤ ለገጠር ቤትና ድርጅት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሱቁ የሟቹና የሸሪኩ የወርቅአፈራሁ ነው። ሟቹ ገጠር ድረስ እየሄደ ዲሽ ይተክል ነበር። ወርቅአፈራሁ ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ይሸጣል፤ ጫማው ጭቃ አያውቅም።

«ዝናቡ ሲጀምር መስመሩ ተቋረጠ» አለ ወርቅአፈራሁ። «ቃልዬ ‹ዲሹ ዞሮ ይሆናል፤ ወጥቼ ላስተካክለው› አለኝ። ‹ያባራ እንጂ› ብለው እንቢ አለ። መፍቻውን ይዞ በጓሮ በኩል ወጣ። ይኼ ሰውዬም ‹ሽንት ቤት› ብሎ ተከተለው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ከባንኮኒዬ አልተነሳሁም። ሰውየው ትናንት ሲዝትበት ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»

«ይኼ ሰፈር የማይሰማው የራሱን ጉድ ብቻ ነው» አለ ኢህሳን ከበሩ ጥግ። የሟቹ ረዳት ነው። ዝናቡ ሲመታ ቸርችል ጎዳና ደንበኛ ቤት ነበር፤ ሳጅኑ ደውሎ አረጋግጧል። ዓይኑ ቀልቷል።

ትብለጽ ወደ ጣሪያው የሚያወጣውን መሰላል ያዘች።

«ይተዉት፣ እኔ ልውጣ» አለ ሳጅኑ።

«ማየት የፈለግኩት የራሴን ጫማ ነው።»

ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ ነው። ዲሹ ከምሰሶው ንቅንቅ አላለም። ከሟቹ እጅ የወሰደችውን መፍቻ የዲሹ ብሎን ላይ ሞከረችው፤ ሰፍቶ ዞረ። ስትወርድ ሶሏ ርሷል፤ ቀይ ዝገትም ለብሷል።

ፎቁ መጋዘን ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ የመስመር መቀበያ ሳጥን ተከፍቶ ተቀምጧል። ውጪው አዲስ ይመስላል፤ ሆዱን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል።

«የጋሽ ተስፋማርያም ነው» አለ ኢህሳን። «ትናንት ጋሽ ቃለጽድቅ ከፈተው። ከዚያ ‹ተጥሎ የተለቀመ ዕቃ ነው ስንሸጥ የኖርነው፤ ነገ ለደንበኞቹ ሁሉ ደውለን እንናገራለን› አለኝ።»

«ዕቃውን የሚያመጣው ማነው?»

ኢህሳን በአገጩ ወደ ታች ጠቆመ።

ትብለጽ ወርዳ ከተስፋማርያም ፊት ወንበር ሳበች።

«ጋሼ፣ ለምን ዛቱበት?»

«ተቆጣሁ እንጂ አልዛትኩም እመቤቴ። ልጄ ደብሪቱ የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ናት። የጨነቀ ነገር ሲገጥማት ሐኪም ከዚህ ሆኖ በቪዲዮ እያየ ይመራታል። ዕቃው ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። አሁን መንታ ያረገዘች ሴት ተኝታባታለች። የመኪናውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል፤ እኔም የወጣሁት በእግሬ ነው። ስልክ እንኳ የሚይዘው ተራራው ጫፍ ላይ ነው።»

«ዛሬ ከኋላው ወጥተዋል?»

«ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም። ባንኮኒው ላይ ግን ሰው አልነበረም። ከራሴ በላይ የሁለት ሰው ኮቴ ሰማሁ። ማን ያምነኛል?»

«ዝናብ ሲጥል መስመራችሁ እንዴት ይሆናል?»

ጥያቄው ገረመው። «ይሄዳላ። የመጀመሪያው ክረምት ደንግጬ ተራራው ላይ ወጥቼ ደወልኩለት። ‹ዲሹን እንዳይነኩት ጋሼ። ቁጭ ይበሉ፤ ደመናው ሲገፈፍ ራሱ ይመጣል› አለኝ። እውነትም መጣ።»

ትብለጽ ተነሳች። ሁሉንም ባንኮኒው ዙሪያ ሰበሰበች።

«በዚያ ዝናብ ጣሪያው ላይ የወጣ ሰው ሶሉ ይርስ ነበር» አለች። «የቃለጽድቅ ደረቅ ነው። ጣሪያው ላይ አልወጣም። የወደቀው እግሩን ከጋረደው በረንዳ ነው። መፍቻውም የዲሹን ብሎን አይዝም። ኢህሳን፣ የምን ነው?»

«የጄኔሬተሩ።»

«ባለሙያው ለዲሽ ብሎ ይህን አይዝም ነበር። እጁ ውስጥ ያስገባው ሌላ ሰው ነው። አሁን አቶ ወርቅአፈራሁ፣ በሟቹ አፍ ወዳስገቡት ቃል እንምጣ። ዝናብ መስመሩን ሲቆርጥ ዲሽ እንደማይነካ ቃለጽድቅ ቆላ ላለ ባለወፍጮ ያስተማረ ሰው ነው። ጋሼ ያውቁታል፤ ኢህሳን ያውቀዋል። እዚህ ቤት ውስጥ የማያውቀው፣ ዲሽ እየሸጠ ተክሎ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ወርቅአፈራሁ መሐረቡን አጣጠፈ፤ መልሶ ዘረጋው።

«ልገድለው አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «በረንዳው ላይ ቆሞ ለደንበኞቹ መደወል ጀመረ። ስልኩን ልነጥቀው ስል ነው የወደቀው።»

«መፍቻውን ግን አስጨበጥከው።»

ሳጅኑ ካቴናውን ከተስፋማርያም ፈትቶ ለእሱ አደረገለት።

ተስፋማርያም አንጓውን እያሻሸ ቆመ። «የኔ ዕቃስ እመቤቴ?»

«ማስረጃ ሆኗል ጋሼ።»

«ሌላ ይስጡኝ።»

«ፎቅ ያለው ሁሉ ያው ነው» አለ ኢህሳን። «ደህናው ከጣሪያው ዲሽ ጋር የሚሠራው ሳጥን ብቻ ነው። ልንቀልላቸው።»

ትብለጽ ሳጅኑ በሩ ላይ የሚለጥፈውን ማሸጊያ አየች። «ፍርድ ቤት ሳያዝ ከዚህ ቤት ሚስማር አይወጣም። ነገ እጠይቃለሁ። መቼ እንደሚፈቅዱ አላውቅም።»

ሳጅኑ ይዞት የነበረው የተስፋማርያም ስልክ ጠራ። ትብለጽ ተቀብላ ሰጠችው። ድምፁ ለሁሉም ይሰማል።

«አባዬ፣ ምጧ ጀምሯል። እዚህ ደመናው ተገፍፏል። ዕቃውን ይዘህ ተነስተሃል? ልጠብቅህ?»

ሽማግሌው ትብለጽን አየ። እሷ መሬት መሬቱን አየች።

«አትጠብቂኝ ልጄ» አለ። «እጅሽ እንዳወቀ አድርጊ።»

ስልኩ ውስጥ የተራራው ነፋስ ብቻ ይሰማ ነበር።